ከግልቢያው በፊት

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ቤቱ የሚውል ሰው ጥቂት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ነው። ልጅ ሳለሁ ዓይኔ የሚከተለው ግልቢያውን ብቻ ነበር። አሁን ግን ቀድሜ ሄጄ ዝግጅቱን አያለሁ፤ ኮርቻው ሲጠብቅ፣ ልጓሙ ሲስተካከል፣ ፈረሱ በባለቤቱ እጅ ሲረጋጋ። ይህን እንዳይ ያስተማረኝ ስልኬ ላይ የምጫወተው ቼዝ ነው።

ማታ ማታ ከኮምፒውተር ጋር እጫወታለሁ። ሊቼስ የተባለው የቼዝ መተግበሪያ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ስቶክፊሽ የተባለውን ሞተር ከ1 እስከ 8 በተከፈሉ ደረጃዎች ያጋጥማል። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ዳታም ሲጠፋ፣ መተግበሪያው ስልኩ ላይ እስካለ ድረስ ያለ ኢንተርኔት ያጫውታል። እኔ ደግሞ ማጥቃት እወዳለሁ። ወታደር ከመልቀም ይልቅ ንጉሥ ማሳደድ ይስበኛል።

ዳንግላ ካለው ጓደኛዬ ጋር ሰሌዳ ዘርግተን ስንጫወት ይህ ጠባዬ ብዙ ጊዜ አዋጥቶኛል። ንግሥቴን ወደ ንጉሡ ሳስጠጋ ይደነግጣል፤ እጁ ከአንዱ ጠጠር ወደ ሌላው ይንከራተታል፤ መልሱ እያለም ያልፈዋል። ኮምፒውተር ግን አይደነግጥም። የቀረው መልስ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ያንኑ አንዱን ያገኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ቢሾፔ ዲ3 ላይ፣ ፈረሴ ኤፍ3 ላይ፣ ወታደሬ ኢ5 ላይ ናቸው። የኮምፒውተሩ ንጉሥ ካስል አድርጎ ጂ8 ላይ ተቀምጧል፤ ኤፍ6 ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ፈረስ የለም። ለአጥቂ ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ነገር የለም። ቢሾፔን ኤች7 ላይ ሰዋሁት፤ ቼክ። ንጉሡ በላው። ፈረሴ ጂ5 ላይ ዘለለ፤ ቼክ። ንጉሡ ወደ ጂ8 ተመለሰ። ንግሥቴ ኤች5 ላይ ደረሰች፤ ቀጣዩ ኤች7 ላይ ማት ነው። ጨዋታው ያለቀ መስሎኝ ስልኩን አስቀመጥኩት። ሳነሳው ከሲ8 የተነሳ ቢሾፕ ኤፍ5 ላይ ቆሞ ኤች7ን ይጠብቃል። ቢሾፕ ሰጥቼ ያገኘሁት አንድ ወታደር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለ ሽንፈት ነው።

ያ ጨዋታ አንድ ልማድ አስያዘኝ። ከመሰዋቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ፈረሴ ጂ5 ላይ ሲያርፍ ማን ይደግፈዋል? ንግሥቴ ኤች5 የምትደርስበት መንገድ ክፍት ነው? ኤች7ን ለመጠበቅ ሊደርስ የሚችል የጠላት ፈረስ ወይም ቢሾፕ አለ? ሦስተኛውን ጥያቄ ያን ማታ አልጠየቅኩም። ደግሞም በዝቅተኛ ደረጃ የተገኘ ድል አያታልላችሁ፤ እዚያ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ እርምጃ እንዲመርጥ ስለሚደረግ የተበላሸ ጥቃትም ይሳካል። ካሸነፍኩም በኋላ ጨዋታውን እመረምራለሁ።

ማሽን መከላከል እንጂ ማጥቃት አይችልም የሚል ካለ ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የሆነውን ያስታውስ። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር ከዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ጋር ባደረገው ስድስተኛ ጨዋታ፣ ገና በ8ኛው እርምጃ፣ ፈረሱን ኢ6 ላይ ሰዋ፤ ካስፓሮቭ በ19ኛው እርምጃ ላይ እጁን ሰጠ። ያ መስዋዕት ከጨዋታው በፊት በማሽኑ የመክፈቻ መዝገብ ውስጥ የተቀመጠ ነበር። ፈረሱ የጋለበው ቀድሞ ተጭኖ ነው።

የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩን የጻፈለት የኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ የሚጀምረው ወረራ በሚባል ምዕራፍ ነው። ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች የሌላውን አሰላለፍ እያዩ ጠጠሮቻቸውን እንደፈለጉ ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው። ስሙ ወረራ ይባል እንጂ ሥራው ስንቅ ማዘጋጀት ነው። እኔም አሁን የመጀመሪያውን ጠጠር ከመብላቴ በፊት ያለውን ጊዜ እንደ ወረራ እቆጥረዋለሁ፤ ሩኬ ጥግ ላይ ተኝቶ፣ አንዱ ቢሾፔ ከቤቱ ሳይወጣ ጥቃት አልከፍትም።

ማጥቃት የምትወዱ ወጣቶች፣ ማጥቃታችሁን አትተዉ። ነገር ግን ከማይደነግጥ ባላጋራ ጋር አዘውትራችሁ ተጫወቱ፤ የተሸነፋችሁበትንም ጨዋታ ሳትመረምሩ አትተኙ። በከፍተኛ ደረጃ ኮምፒውተሩን ያሸነፈ ጥቃት ሰውንም ያሸንፋል።