አርባ አንድ ወንበር፤ የሶደሬው መግለጫ እንደ ድርሰት ሲነበብ

የፖለቲካ መግለጫን እንደ ድርሰት የሚያነብ ሐያሲ አልተለመደም። ልብ ወለድ ሲታተም ገጸ ባሕርያቱ አንድ በአንድ ይመዘናሉ፤ ተውኔት ሲታይ ከመብራቱ እስከ አልባሳቱ ይተቻል። መግለጫ ግን በዜና ሰዓት ይነበባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ፋይል ይገባል። ግፍ ነው። ደራሲ የሚመኘው ሁሉ ተሟልቶለት የሚጻፍ ጽሑፍ ቢኖር መግለጫ ነው፤ ማደሪያና ቀለቡ የተቻለለት፣ አስተርጓሚና አርቃቂ የተመደበለት፣ ካሜራ ደጅ የሚጠናው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ «ታሪካዊ» የሚባል።

ታኅሣሥ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. ሶደሬ ላይ የተፈረመው የሶማሊያ አንጃዎች መግለጫ ለእንዲህ ያለው ንባብ የተመቸ ነው። ከኅዳር 13 ጀምሮ ስድስት ሳምንት ተመክሮበታል፤ 26 አንጃዎች ፈርመውበታል። ብሔራዊ የአድኅኖት ምክር ቤት የሚባል አካል ወለደ፤ 41 አባላት፣ 11 ሰው ያለው ሥራ አስፈጻሚ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አምስት ተባባሪ ሊቃነ መናብርት። ለአንድ ወንበር አምስት ሰው። የሽግግር መንግሥት የሚያቋቁም ትልቅ ጉባኤ በ1997 እ.ኤ.አ. ቦሳሶ ላይ እንዲደረግ ቀጠሮ ተያዘ። ቀጠሮው ተራዘመ፤ እንደገና ተራዘመ፤ ጉባኤው ሳይደረግ ቀረ። ታሪኩ ባጭሩ ይኸው ነው።

ከመቼቱ እንጀምር። ከአዳማ የአሰላን መንገድ ይዞ አዋሽ መልካሳ ላይ የሚታጠፍ ሰው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሶደሬ ይደርሳል። ፍል ውሃው ከመሬት እየፈላ ይወጣል፤ ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባና የአዳማ ቤተሰብ ልጆቹን ዋና ያስተምርበታል። ጦጣዎቹ እንግዳ አይፈሩም፤ ዞር ሲሉ ከጠረጴዛ ላይ ዳቦ ነጥቀው ዛፍ ላይ ናቸው። አዋሽ ራሱ ከጎን ይፈስሳል፤ አዞ ስላለበት ማንም አይዋኝበትም። ለሽምግልና ከጥይት የራቀ ቦታ መምረጥ የቆየ ጥበብ ነውና አዘጋጁን በዚህ አንወቅስም። ወቀሳችን ሌላ ነው፤ ከዚህ መቼት ውጪ ድርሰቱ ውስጥ ሌላ ቦታ አለመኖሩ። ሞቃዲሾ፣ ኪስማዮ፣ ባይዶዋ ስማቸው ይነሳል እንጂ መድረክ ላይ አይወጡም። ፍል ውሃ ዳር ከርሞ የማይለዝብ ጠበኛ ጥቂት ነው፤ ፈተናው ሻንጣ ታስሮ አገር ከተገባ በኋላ ይመጣል፤ መጋረጃው የሚዘጋው ግን ከዚያ በፊት ነው።

የገጸ ባሕርያቱ ምርጫ የድርሰቱ ብርቱ ጎን ነው፤ የትኛውም ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢቀናበት አይፈረድበትም። አምስቱን ሊቃነ መናብርት ብቻ እንይ። ዓሊ መሐዲ ሞሐመድ የሞቃዲሾ ሆቴል ባለቤት የነበረ ነው፤ በ1983 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ተብሎ ተሰይሞ፣ ሹመቱን ጄኔራል ሞሐመድ ፋራህ አይዲድ አልቀበልም ስላለ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። ዑስማን ሐሰን ዓሊ «ዓቶ» የዚያው አይዲድ ገንዘብ አቅራቢ ነበር፤ አሜሪካኖች መስከረም 1986 ዓ.ም. ይዘው አስረውታል፤ በኋላ ከአለቃው ጋር ተጣላ። አደን አብዱላሂ ኑር «ገብዮ» የቀድሞው የሶማሊያ መሪ የዚያድ ባሬ መከላከያ ሚኒስትር የነበረ ነው። አብዱላሂ ዩሱፍ አሕመድ ደግሞ ያንኑ የባሬን መንግሥት ለመጣል ኢትዮጵያ ገብቶ ሸምቆ ሲዋጋ የኖረ፣ ኋላም ደርግ ራሱ ለዓመታት አስሮት ደርግ ሲወድቅ የተፈታ ነው። አምስተኛው የዲጊልና ሚሪፍሌ ጎሳ ሰው አብዱልቃድር ሞሐመድ አደን «ዞፔ» ነው። የባሬ የጦር ሚኒስትርና የባሬ ሸማቂ፣ የአይዲድ ጠላትና የአይዲድ ገንዘብ ያዥ በአንድ ጠረጴዛ። በእንዲህ ያሉ ሰዎች መካከል ሊነገር የሚችለውን ቃለ ተውኔት አስቡት። ድርሰቱ ግን አንዱንም አያናግራቸውም። ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ በብዙ ቁጥር፣ «እኛ» እያሉ ይናገራሉ። ደራሲ ገጸ ባሕርያቱን እንዲህ አንድ ላይ ካዘመራቸው ወይ ፈርቷቸዋል፣ ወይ አያውቃቸውም።

ይህ የዚህ የጽሑፍ ዓይነት የቆየ በሽታ ነው። በመግለጫ ዓለም ተኩስ «ይቆማል» እንጂ እገሌ ጠመንጃውን አያወርድም። መንገድ «ይከፈታል» እንጂ ኬላውን ያቆመው ሰው ስሙ አይጠራም። ያልመጣ ሰው «በሩ ክፍት ነው» ይባልለታል፤ ያልተደረገ ጉባኤ «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል»። ከዚህ ውስጥ ውሸት ነው ተብሎ ጣት የሚቀሰርበት ዓረፍተ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ጥበቡም እዚያ ላይ ነው። ዋሾ ሊያዝ ይችላል። ባለቤቱ የተሰወረ ግሥ ግን ማን ፍርድ ቤት ያቁመው?

ከድርሰቱ የቀሩት ሰዎች ደግሞ ከተገኙት የበለጠ ይናገራሉ። ጄኔራል አይዲድ ሐምሌ 25 ቀን 1988 ዓ.ም. በቁስሉ ሞቶ፣ በቦታው የተተካው ልጁ ሁሴን፣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ያገለገለ ወጣት፣ ሶደሬ አልመጣም። የሶማሊላንዱ መሪ ሞሐመድ ኢብራሂም ኢጋልም እኔ ሌላ አገር ነኝ ብሎ ቀረ። ስለዚህ የእርቁ ድርሰት ዋናው ባላንጣ የሌለበት ሆነ። ከዓመት በኋላ ይህ ጉድለት የሚያስቅ መልክ ያዘ። ግብፅ ታኅሣሥ 13 ቀን 1990 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የራሷን እትም አወጣች፤ 13 አባላት ያሉት ፕሬዚዳንታዊ ምክር ቤት፣ ቀጣይ ጉባኤ ባይዶዋ። በዚህኛው እትም ሁሴን አይዲድ ፈራሚ ሆነ፤ ከሶደሬዎቹ አምስት አብዱላሂ ዩሱፍና ገብዮ ጥለው ወጡ። የባይዶዋውም ጉባኤ የቦሳሶውን ዕጣ አገኘ። በሶደሬው እትም የሌለው በካይሮው አለ፣ በሶደሬው የነበረው ከካይሮው ወጣ፤ አንባቢ ሁለቱን አስጠርዞ ቢያነብ እንኳ ሙሉ ታሪክ አይወጣለትም።

ድርሰቱ ቀዳሚም አለው። በመጋቢት 1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ፣ 15 አንጃዎች ተስማምተው ነበር። የዚያኛው ሒሳብ ከዚህኛው ይረቅቃል፤ ከ18 ክልሎች ሦስት ሦስት ሰው 54፣ ከሞቃዲሾ አምስት፣ ከየአንጃው አንድ አንድ 15፣ ድምሩ 74 ወንበር። የሽግግር ምክር ቤቱ ግን ሳይቋቋም ቀረ። ከ15 አንጃ ወደ 26 አንጃ በአራት ዓመት መድረስ ራሱ የሚነግረን አለ። ወንበር በአንጃ ቁጥር እንደሚታደል የታወቀበት አገር አንጃ ይበዛል። ጉባኤው አንጃዎችን ሊያስታርቅ ተጠርቶ አዋላጃቸው ሆኖ አረፈው።

ጋባዡስ? ኢትዮጵያ ከኢጋድና ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት አደራ ተሰጥቷት ነው ያስታረቀችው፤ ይህ ለሕዝብ የተነገረው ነው። ከጉባኤው በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1988 ዓ.ም.፣ የሶማሊያው እስላማዊ ታጣቂ ቡድን አል ኢትሐድ አል ኢስላሚያ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል ላይ ፈንጂ አፈንድቷል፤ በሚኒስትሩ በዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ላይ የግድያ ሙከራ አድርጓል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የኢትዮጵያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ጌዶ ውስጥ የታጣቂዎቹን ሠፈር መትቷል። በእንዲህ ያለ ወቅት ከድንበር ማዶ ወዳጅ ማደራጀት ለማንኛውም መንግሥት የሚገባ ስሌት ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ግን መግለጫው ውስጥም የለም። አስታራቂውን ከንጹሕ በጎ አድራጎት በቀር ሌላ ፍላጎት እንደሌለው ሽማግሌ አድርጎ ማቅረብ የድርሰቱ እጅግ ደካማ ቦታ ነው፤ አንባቢው ደግሞ ይህን ለመጠርጠር የስለላ ዘገባ አያስፈልገውም፤ ካርታ ይበቃዋል።

ደግሞ ጋባዡ ይህን የአጻጻፍ ስልት ከየት እንዳመጣው ለእኛ ለአገሬው ሰዎች ሩቅ አይደለም። ሰኔ 24 ቀን 1983 ዓ.ም. እዚያው አፍሪካ አዳራሽ የተከፈተው የሰላምና የዲሞክራሲ ኮንፈረንስ ቻርተር አጽድቆ 87 ወንበር ደለደለ፤ ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12፣ ሌላው ለሌሎች። ዓመት ሳይሞላ ኦነግ ከመንግሥቱ ወጣ። ሶደሬ ላይ የተዘጋጀው ተውኔት እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ ተውኖበት የሚያውቀው ነው። የእኛ አገር መንግሥታት ሲለዋወጡ ይህ ስልት ብዙ አልተለወጠም። አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ሶደሬ፣ ሐዋሳ ለሥልጠና የወረደ ሠራተኛ የመጨረሻውን ቀን ያውቀዋል። ሻንጣው ወንበሩ ሥር ቆሟል፤ የአበል ፊርማው አልቋል፤ ውጭ መኪናው ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። አንድ ሰው ወደ መድረክ ወጥቶ «የተሳታፊዎች የአቋም መግለጫ» ያነባል። ከቁጥር አንድ እስከ አሥር «በጽናት እንታገላለን» ይባላል። የተነበበውን ተሳታፊው ከአንባቢው አፍ ገና አሁን መስማቱ ነው። ያጨበጭባል። ቀደም ብሎ ቢያጨበጭብ መኪናው ቀደም ብሎ እንደሚነሣ ያውቃላ!

ባለሥልጣን ሲነጋገር «ሕዝቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ማለት ይወዳል። እኔ ደግሞ መግለጫን በማንበብ ረገድ ሕዝቡን የሚስተካከል ሐያሲ አላየሁም። ገና ሲሰማ መሀሉን ይዘልለዋል። መጀመሪያ ፈራሚዎቹን ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ማን እንደሌለ ይጠይቃል፤ ከዚያ ስንት ወንበር ለማን እንደሆነ፤ በመጨረሻ ቀጣዩ ስብሰባ መቼና የት እንደሆነ። በእነዚህ በአራቱ ጥያቄ ሶደሬን የመረመረ ሰው ቦሳሶ ላይ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እምነት ማጣት ብለን የምናዝንበት ነገር አብዛኛው ይህ ዓይነቱ የንባብ ችሎታ ነው፤ የተማረውም ከመሪዎቹ ከራሳቸው፣ በተደጋጋሚ ትምህርት ነው።

ሶማሌዎች ለዚህ የራሳቸው የተሻለ ድርሰት አላቸው። በዚያድ ባሬ የመጨረሻ ዓመታት ሰዓዶ ዓሊ ዋርሳሜ ያቀነቀነችው «ላንድክሩዘር» የተባለው ዘፈን አገሩ እህል እየለመነ ሹሞቹ በመኪና የሚንቀባረሩበትን ነገር አደባባይ አውጥቶ ሣቀበት። ከአንድ ዘፈን ብዙ መጠበቅ አይገባም፤ ነገር ግን መግለጫው በስድስት ሳምንት ያላደረገውን አድርጓል፤ ለግሡ ባለቤት ሰጥቶታል። ማን ገዛው? በማን ገንዘብ? አድማጩ በመኪናው ስም ብቻ ፊቱን ያየዋል። ሰዓዶ ራሷ በኋላ የፓርላማ አባል ሆነች፤ ሐምሌ 2006 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ላይ አል ሸባብ ገደላት። ከሶደሬ ፈራሚዎች መካከል አንድም እንደ እርሷ ያለ ድምፅ አለመኖሩ አጋጣሚ አይደለም፤ የመግቢያው ትኬት ጠመንጃ ነበር። ጅቡቲ በ1992 ዓ.ም. አርታ ላይ ሽማግሌውን፣ ሴቱን፣ ነጋዴውን ስትጠራ ጉባኤው ሌላ መልክ የያዘው በዚህ ነው፤ እርሱም የራሱን ጉድ ባያጣም።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ማመስገን አለብን። ከዚህ ሁሉ የጽሑፍ ጭጋግ መካከል ግልጽ የሆነ፣ ማስተባበያ የማይቀበል፣ እውነተኛ አንቀጽ አለ፤ የወንበሩ ድልድል። ለአራቱ ትልልቅ ጎሳዎች ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ለቀሩት በአንድ ላይ አምስት፤ 41። ስለ ሕዝብ ሉዓላዊነት የተጻፈው ሁሉ ቢነሣ ይህ ብቻ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ፈራሚ በእውነት የተከራከረበትም ይኸው ይመስለኛል። ትንንሾቹን ጎሳዎች የግማሽ ያህል የሚቆጥር ሒሳብ ውበት የለውም። ሆኖም አልዋሸም። አንባቢው መሪዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚፈራሩና ማንን እንደሚንቁ ከዚህ ቁጥር ይረዳል፤ ከቀሪው ጽሑፍ አይረዳም።

ፈራሚዎቹ ወደየመንገዳቸው ሄዱ። አብዱላሂ ዩሱፍ በ1990 ዓ.ም. ፑንትላንድን መሥርቶ በ1997 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ተብሎ ተመረጠ። ሶደሬ አልመጣም ያለው ሁሴን አይዲድ መጋቢት 1993 ዓ.ም. አዋሳ ላይ፣ በዚያው በኢትዮጵያ ጋባዥነት፣ ከአርታው ጉባኤ የወጣውን መንግሥት የሚቃወም ሌላ ምክር ቤት ሲቋቋም ከመሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። የአድኅኖት ምክር ቤቱን ስም ዛሬ የሚያነሣ የለም። ሶማሌዎች «አራት ነጥብ አምስት» የሚሉት ያ የሶደሬ ስሌት ግን አርታ ላይ ጸድቆ፣ ኬንያ ላይ ተደግሞ፣ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ሐሰን ሼኽ ሞሐሙድን በመረጠው ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት 275 ወንበሮች አሁንም በእርሱ ተደልድለው ነበር።