«ኡስታዝ፣ የት ደረሰ?»

አባቶቻችን ልጅ አስኳላ ከገባ ዲኑ ይጠፋበታል ብለው ይሰጉ ነበር። ስጋታቸው ከሜዳ የተነሳ ባይሆንም ብዙ እህቶቻችንን ያለ ፊደል አስቀርቷል። ኋላ ዘመን ተለወጠና አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ የቤተሰብ ኩራት ሆነ። ዛሬ ደግሞ «ማን ሊያልፍ ነው? ይልቅ ፓስፖርት ይውጣላት» ሲባል እሰማለሁ።

ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኩረጃን ለመከላከል ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በተዛወረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ሆነ። የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። መምህርና መጽሐፍ ያላሟላው ክፍልም ይጠየቅበታል።

እኛስ? መድረሳ ውስጥ ልጅ የትናንቱን ሳያስተካክል ወደ ነገው አይሻገርም። አባቱም ከመስጂድ ስወጣ አስቁሞኝ «ኡስታዝ፣ የት ደረሰ?» ይለኛል። ደስ ይለኛል። ይኸው አባት ግን የልጁን የሒሳብ ደብተር ገልጦ አያውቅም፤ ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ሲጠራው እናቲቱን ይልካል። አንድ የማውቀው ሰው ፈተናው ሳይደርስ ለልጁ ምረቃ ካባ ተከራየ፣ በግ አረደ (ካባው ለምን እንዳስፈለገ አላህ ይወቀው)። ውጤቱ ሲመጣ ልጁን በጎረቤት ፊት ሰደበው።

ልጁ አሁን ከዐስር ሶላት በኋላ እኔ ዘንድ ይመጣል። አቅሜ በፈቀደው መጠን የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ጀምረናል፤ ክፍልፋይ ላይ ነን። አባቱ ዛሬም የሚጠይቀኝ ስለ ቁርኣኑ ብቻ ነው።