እስከ ታች የበሰለ ቀለም

ፍሬሙን አስተካክሎ፣ ቀለሙን ስኩዊጂ በሚባለው የጎማ መጥረጊያ ስቦ ጥርት ያለ ጽሑፍ ማውጣት ብዙ ሰው የሚለምደው ሥራ ነው። የቲሸርት አታሚ ሙያ የሚፈተነው ከዚያ በኋላ፣ ሙቀቱ ላይ ነው።

ፕላስቲሶል የሚባለው ቀለም በአየር አይደርቅም። የፒቪሲ ብናኝ በማለስለሻ ፈሳሽ ተለውሶ የተሠራ ስለሆነ ፍሬም ላይ ቢያድር እንኳ ጠዋት እንደረጠበ ነው። ሲሞቅ ብናኙ ፈሳሹን እየመጠጠ ያብጣል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ተዋህዶ አንድ ወጥ፣ የሚለጠጥ ሽፋን ይሆናል። ክፋቱ፣ ከዚያ በጣም ቀድሞ በእጅ ሲነኩት የደረቀ መምሰሉ ነው፤ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ዳቦ ያታልላል። ጨርቁን የያዘው የታችኛው ክፍል ካልበሰለ ጽሑፉ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል።

ጎበዝ አታሚ በማሞቂያ ማሽኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ አይታለልም፤ ቁጥሩ የማሽኑ እንጂ የቀለሙ ሙቀት አይደለም። በርቀት የሚለካው ቴርሞሜትርም የሚያነበው ላዩን ነው። ወፍራም ጥጥ ወይም እርጥበት የያዘ ጨርቅ ሲገጥመው ጊዜ ይጨምርለታል። ጥቁር ቲሸርት ላይ መጀመሪያ የሚያሳርፈውን ነጭ መደብ ግን ሆን ብሎ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያሞቀዋል። መደቡ ጨርሶ ከበሰለ በላዩ የሚመጣው ቀለም በደንብ አይያዝለትም፤ ሁለቱ አብረው መብሰል አለባቸው። እዚህች ላይ ያለውን ትዕግሥት ሳይ ሁሌም ይደንቀኛል።

በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፦ ውሃው ተንኖ ካላለቀ ቀለሙ መብሰል አይጀምርም፤ ስለዚህ ከሙቀቱ ሌላ የሚዘዋወር አየርና ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ሙቀት ማብዛትም መፍትሔ አይደለም። ቀይ የፖሊስተር ማሊያ ላይ ነጭ ቁጥር ሲታተም፣ ሙቀቱ ካየለ የጨርቁ ማቅለሚያ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ነጩ ውስጥ ይገባል። ከማሽኑ ነጭ ሆኖ የወጣው ቁጥር ውሎ አድሮ ሮዝ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሰው በ130 ዲግሪ አካባቢ የሚበስል ቀለም ይመርጣል።

ሥራው ሲያልቅ ቲሸርቱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅና ጽሑፉን በሁለት እጁ ይወጥረዋል። የበሰለው ከጨርቁ ጋር ተለጥጦ ይመለሳል፤ ያልበሰለው ስንጥቅ ያሳያል። ጠንቃቃው በዚህም አይረካም፤ አንዱን ወስዶ ደጋግሞ ያጥበዋል።

የምረቃ ወይም የማኅበር ቲሸርት የምታሠሩ ሁሉ፣ በዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ናሙና ጠይቁ። ቤት ወስዳችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ወጥሩት፤ ቀብዱንም ከዚያ በኋላ ክፈሉ።