«አልተጫነም» ስለሚለው መልስ

ከጓደኛው በብሉቱዝ የተቀበለውን መተግበሪያ በእጅ ስልኩ ላይ ሊጭን የሞከረ ተማሪ «አልተጫነም» የሚል አጭር መልስ ያገኝና ምክንያቱን እኛን መምህራኑን ይጠይቃል። አብዛኞቻችን የምንመልሰው «ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል» ብለን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፋይሉ ደኅና ነው፤ የተጣላው ፊርማው ነው።

አንድሮይድ ያልተፈረመ መተግበሪያ አይቀበልም። ይሁን እንጂ ይህ ፊርማ በትምህርት ቤት ማኅተም የሚመሰል አይደለም። ሠሪው ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ የሚፈርመው ምስክር ወረቀት ነውና ስለ ሠሪው ማንነትም ሆነ ስለ ቅንነቱ ምንም አይናገርም። የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አዲሱን ያወጣው ያው የቀድሞውን ያወጣው እጅ መሆኑን። ስለሆነም ዋትስአፕ ባለበት ስልክ ላይ ሌላ ሰው የነካካው ዋትስአፕ በዚያው መለያ ሊጫን ሲመጣ ስልኩ ሁለቱን ፊርማዎች አስተያይቶ እንቢ ይላል። እንቢታው ተገቢ ነው።

እኛ የምንነቅፈው አነጋገሩን ነው። የቀድሞዎቹ ስልኮች ምክንያት አይሰጡም ነበር፤ የኋለኞቹ ደግሞ «ከነባር ጥቅል ጋር ይጋጫል» የሚል ዐይነት ቃል ያሳያሉ። ጥቅል ሲባል ጎመን ለሚታየው ሰው ይህ ምን ይረዳዋል? «ፊርማው ከቀድሞው ሠሪ ፊርማ ጋር አይመሳሰልም» ቢባል ምን ነበረበት?

ሰው ምክንያቱን ስላላወቀ «አሮጌውን አጥፋና አዲሱን ጫን» የሚለውን የሰፈር ምክር ይከተላል። የዚህን ምክር ዋጋ ለመረዳት ሐምዳይትን ማሰብ ይበቃል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ተከዜን ተሻግረው ወደዚህች የሱዳን ድንበር ከተማ ገቡ። ብዙዎቹ በኋላ ገዳሪፍ ውስጥ ወዳሉት ኡም ራኩባና ቱናይድባ ተወሰዱ። እንዲህ ላለ ሰው በስልኩ ውስጥ የቀረው የእናቱ የድምፅ መልእክት ምን ያህል ውድ ነው! ቅጂ ሳይዝ አሮጌውን መተግበሪያ ቢያጠፋ መልእክቱ አብሮ ይጠፋል። ከመደብሩ በቀጥታ ያውርድ እንዳንል፣ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የሱዳን ኔትወርክ በአብዛኛው አገሪቱ ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ መተግበሪያ የሚተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጥቷል። ጉግል በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት፣ ከመስከረም 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ፣ ከ2027 ወዲህ ደግሞ በሌሎችም አገሮች፣ ከመደብሩ ውጭ የሚታደል መተግበሪያ ሠሪም ማንነቱን ማስመዝገብ ይኖርበታል። አጭበርባሪን ለመከላከል የታሰበ በመሆኑ ዓላማውን አንነቅፍም። ነገር ግን ተከዜን ያለ ወረቀት የተሻገረ ወጣት ትንሽ የዐረብኛና የትግርኛ መዝገበ ቃላት ሠርቶ ለጎረቤቶቹ ሊያድል ቢፈልግ የትኛውን መታወቂያ ያቅርብ? ኩባንያው ለተማሪዎችና ለጀማሪዎች፣ በተወሰኑ ስልኮች ላይ ብቻ የሚሠራ፣ ቀለል ያለ መንገድ እከፍታለሁ ብሏል። ኡም ራኩባን ለመሰለ መጠለያ ግን ጥቂት ስልክ አይበቃም።