ካርቱም በዋሽንግተን ሚዛን፦ የቅኝ ገዢ ድጋፍና የኮሚኒዝም ስጋት

ቅኝ አገዛዝን በአደባባይ የሚነቅፍ መንግሥት ቅኝ ገዢን ለምን ይደግፋል? የተለመደው መልስ «ኮሚኒዝምን ለመግታት» የሚል ነው። አሜሪካ ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢንዶቻይና የሚዋጋውን የፈረንሳይ ጦር ስታስታጥቅ የሰጠችው ምክንያት ይኸው ነበር፤ በ1954 የጦርነቱን ወጪ አብዛኛውን እጅ የምትሸፍነው እሷ ሆነች። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ካርቱም ላይ ነው።

ሱዳን ከ1899 ጀምሮ በስም የእንግሊዝና የግብፅ የጋራ ግዛት ነበረች፤ በተግባር ግን ቤተ መንግሥቱ የእንግሊዛዊው ጠቅላይ ገዥ ነበር። በጥቅምት 1951 ግብፅ የጋራ ግዛቱን ውል ሰርዛ ንጉሧን ፋሩቅን «የግብፅና የሱዳን ንጉሥ» ብላ አወጀች። በዚያው ወር አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ ሶቭየትን ለመከላከል ባሰቡት የመካከለኛው ምሥራቅ ዕዝ እንድትገባ ቢጋብዟት እምቢ አለች። የዲን አቺሰን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግብፅን ለማግባባት ሲል፣ ለንደን የፋሩቅን ማዕረግ እንድትቀበል ወተወተ። ለንደን ደግሞ የሱዳናውያን ፈቃድ ሳይጠየቅ አይሆንም አለች፤ የራሷም ጥቅም ነበረበት።

ስጋቱ አንድ ሆኖ ሳለ ፖሊሲው ለምን ተቃረነ? አውሮፓን ለመከላከል ፓሪስ ታስፈልግ ስለነበር ቬትናም ለፈረንሳይ ተተወች። በግብፅ ያለው የስዊዝ የጦር ሰፈር ስለተፈለገ ደግሞ ሱዳን ለካይሮ መደራደሪያ ሆነች። የኮሚኒዝም ፍርሃት የጠላትን ማንነት ይነግረናል፤ የወዳጅን ምርጫ የወሰነው ግን የጦር ሰፈርና የጦር ኪዳን ነው። ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ አሜሪካ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሃድ ስትደግፍ የአስመራውን የራዲዮ ጣቢያ አስባ ነበር፤ የቃኘው ሰፈር ውልም በ1953 ተፈረመ።

በዚህ ስሌት ያልተቆጠረው ሕዝቡ ነው። የሱዳን ኮሚኒስቶች በ1946 ሲደራጁ ጉልበት ያገኙት ከአትባራ የባቡር ሠራተኞች ዘንድ ነው። በ1947 ሠራተኞቹ ሰልፍ ወጥተው አድማ የመቱት ማኅበራቸው እንዲታወቅላቸው ነበር። አስተዳደሩ ጆሮ በነፈጋቸው መጠን የሚሰማቸው ፓርቲ ጎለበተ።

በየካቲት 1953 እንግሊዝና ግብፅ ለሱዳን ራስን በራስ ማስተዳደር ተስማሙ። በዓመቱ መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ከ97ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች የኮሚኒስቶቹ ፀረ ኢምፔሪያሊስት ግንባር ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሐሰን አልጣሂር ዘሩቅ ነበር። በግንቦት 1954 ግን በአሜሪካ መሣሪያ የተደገፈው የፈረንሳይ ጦር በቬትናም ዲየን ቢየን ፉ ላይ እጁን ሰጠ። ሁለቱ አገሮች አንድ አይደሉም፤ በቬትናም ኮሚኒስቶች የሚመራው ቬት ሚን ቀድሞውኑ የነጻነት ትግሉን በእጁ አስገብቶ ነበር። ያም ሆኖ ንጽጽሩ ፖሊሲውን በራሱ መስፈርት ይጥለዋል፦ ኮሚኒዝም የነጻነት ብቸኛ ተሟጋች መስሎ የሚታየው ነጻነት በተነፈገበት አገር ነው፤ ቅኝ ገዢን ማስታጠቅም ያንን ንፍገት ማራዘም ነው።