ስለ ሲኒማ ተከታይና ስለ ሰው ምርጫ

ሰው ምግብ ሲቀርብለት ጣፈጠኝ ወይም አልጣፈጠኝም ለማለት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሲኒማ ነገር ሲነሣ ግን ብዙ ወጣቶች የራሳቸውን አፍ ዘግተው የሌላውን ሰው ምላስ ይዋሳሉ። ይህን የምላችሁ እናንተን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔ ራሴ ከዚህ የከፋ ነገር አድርጌአለሁና እርሱን ልነግራችሁ ነው።

የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ከሚወዱት ወገን ነኝ፤ ከሁሉም ይልቅ «ኤሊየን» የተባሉትን ተከታታይ ፊልሞች ደጋግሜ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. የሠራው ሪድሊ ስኮት ነው። ኖስትሮሞ በምትባል የጭነት መንኰራኵር የሚጓዙ ሰባት ሠራተኞች በማይታወቅ ዓለም ላይ ይወርዳሉ፤ ከዚያም አውሬ ይዘው ይመለሱና አውሬው አንድ በአንድ ይፈጃቸዋል። አውሬው ብዙ አይታይም፤ ጥርሱ ወይም ጅራቱ ብቅ ብሎ ይጠፋል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ሌሊት ብቻውን ወደ ጓሮ የወጣ ልጅ ይህን የሚያስረዳው አስተማሪ አያሻውም። ከአውሬው ይልቅ የከፋው ግን የሠራተኞቹ አሳዳሪ የሆነው ኩባንያ ነው፤ አውሬው በደኅና ይምጣልኝ እንጂ ሰዎቹ ቢሞቱ ግድ የለም ብሎ በስውር አዟል። ከሰባቱ የምትተርፈው ሲጎርኒ ዊቨር የተጫወተቻት ሪፕሊ ብቻ ናት፤ ከአንዲት ድመት ጋር።

ሁለተኛውን በ1986 ዓ.ም. ጄምስ ካሜሮን ሠራው። ሪፕሊ 57 ዓመት በጠፈር ላይ ተኝታ ከቆየች በኋላ ነቅታ ከወታደሮች ጋር ወደዚያው ዓለም ትመለሳለች፤ በዚያም ወገኖቿ ሁሉ ያለቁባትን ኒውት የምትባል ትንሽ ልጅ ታገኛለች። አውሬዎቹ ልጅቱን በወሰዱ ጊዜ፥ ሥፍራው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደሚፈነዳ እያወቀች፥ ብቻዋን ወደ ጐሬያቸው ትወርዳለች። ካሜሮን የስኮትን ሥራ አልደገመም፤ ፍርሃቱን ጦርነት፥ ብቸኛዪቱንም ሴት እናት አደረጋት። የተከታይ ፊልም ጥበብ ይህ ይመስለኛል። በአሠራር ፊተኛው ይበልጣል ብዬ እፈርዳለሁ፤ እሑድ ማታ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። «ይህ ይበልጣል» ማለት ሌላ፥ «ይህን እወዳለሁ» ማለት ሌላ ነው፤ ብዙ የወጣቶች ክርክር ወደ ጠብ የሚደርሰው ሁለቱን በመቀላቀል ነው።

ሦስተኛውን በ1992 ዓ.ም. ዴቪድ ፊንቸር የመጀመሪያ ፊልሙ አድርጎ ሠራው። ያች ስንት መከራ ታይቶባት የዳነች ልጅ፥ ገና ፊልሙ ሲጀምር፥ በእንቅልፏ ላይ ሳለች ሞታ ትገኛለች። ተቈጥቼ ተነሣሁና ቀሪውን ሳላይ ቀረሁ። ነገር ግን ለብዙ ዓመት በሄድሁበት ሁሉ እስከ መጨረሻው እንዳየ ሰው ሆኜ የረከሰ ሥራ ነው እያልሁ ፈረድሁ። ምስክርም አላጣሁም፤ ካሜሮን የልጅቱን መሞት ነቅፏል፥ ፊንቸርም ራሱ ፊልሙን እንደሚጠላው በአደባባይ ተናግሯል። የነርሱን ቃል እንደ ጋሻ ይዤ ሰውን እከራከርበት ነበር።

አንድ ቀን ሰዎች በተሰበሰቡበት የእኅቴ ልጅ፥ ያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነበረ፥ «ጋሼ፥ እኔ ከሁሉም ሦስተኛውን እወዳለሁ» አለኝ። ሣቅሁበት። «አንተ ገና ፊልም ማየት አልተማርህም» አልሁት፤ የተቀመጡትም አብረውኝ ሣቁ። ለምን እንደ ወደደው አልጠየቅሁትም። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ምሽት ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየሁት። ሪፕሊ በእስረኞች ዓለም ላይ ነቅታ ልጅቱን ማዳኗ ከንቱ እንደ ሆነ ትሰማለች፤ ሬሳዋን ልይ ትላለች፤ ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለው ሬሳ ወደ እሳቱ ሲወርድ ቆማ ታያለች። የማያውቋት እስረኞች በዙሪያው ቆመዋል፤ አንዱም ስለ ሞት ይናገራል። ሞቷ ለምን እንደ ሆነ ግን ማንም አይነግራትም። ይህን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጁ ያን ቃል በነገረኝ ጊዜ አባቱ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ሰውየው ማታ በደኅና ተኝቶ ነው ጧት ሞቶ የተገኘው። እኔን ያስቈጣኝ ያው የፊልሙ መጀመሪያ ለእርሱ የሚያውቀው ነገር ኖሯል።

ፊልሙ ጉድለት የለውም አልልም። እስረኞቹ ሁሉ ራሳቸውን ስለ ተላጩ ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ቀረ ለመለየት ያስቸግራል፤ ከመካከል በኋላም በጨለማ መተላለፊያ መሯሯጥ ይበዛበታል። ዛሬም ከፊተኞቹ ሁለቱ በታች አኖረዋለሁ፤ አሁን ግን አይቼው ነው። በ1997 ዓ.ም. ስለ ተሠራው ስለ አራተኛው ብዙ አልናገርም፤ በሦስተኛው መጨረሻ ወደ እሳት የገባችውን ሪፕሊን እንደገና ያመጣት ከታሪኩ ይልቅ ገበያው ይመስለኛል።

የእኅቴ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ጋሼ፥ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» ብሎ ሣቀ። ቡና እስኪቀርብ ስለ ልዩ ልዩ ነገር ተጫወትን፤ በመካከሉም ሰሞኑን ያየውን አንድ ፊልም አነሣልኝ። ወደድኸው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እንዴት አገኙት?» አለኝ።