ጉማና የቦይንግ ስምምነት

በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ በስተደቡብ በምትገኘው በበቆጂና በዙሪያዋ፣ ሰው የሰው ሕይወት ባጠፋ ጊዜ ነገሩ የሚታየው በሁለት ሸንጎ ነው። አንደኛው የመንግሥት ፍርድ ቤት ነው፤ ሁለተኛው የአገር ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት የጉማ ሥርዓት ነው። ገዳዩ ተፈርዶበት እስራቱን ጨርሶ ቢመለስ እንኳ፣ ጉማው ካላለቀ የሁለቱ ወገን ነገር በረደ አይባልም። በዚህ ጽሑፍ ይህን ልማድ እንደ መለኪያ ይዘን ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሰነድ ልንመረምር አስበናል። ሰነዱም የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ከቦይንግ ኩባንያ ጋር አድርጎ ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ያስታወቀው ስምምነት ነው።

የአውሮፕላን ነገር ከበቆጂ ሽማግሌ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። የሰነዱ መነሻ የሰው ሞት ነው፤ ከሟቾቹም 157ቱ የወደቁት በዚሁ በአገራችን ምድር፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ በጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ በተባለው ስፍራ በእርሻ ማሳ ላይ ነው።

አስቀድመን የነገሩን አመጣጥ እናስታውስ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ላየን ኤር የተባለው የኢንዶኔዥያ አየር መንገድ 737 ማክስ አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ያው ዓይነት የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደ በረረ ወደቀ። በውስጡ የ35 አገሮች ሰዎች ነበሩ። በሁለቱም አደጋ ስሙ የተነሣው ኤምካስ የተባለው የመቈጣጠሪያ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ያለ ሲመስለው፣ አብራሪው ሳያዝዘው አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቃል። መረጃውንም የሚቀበለው ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ ስለ ነበረ፣ ጠቋሚው ሲሳሳት ሥርዓቱም አብሮ ይሳሳት ነበር። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ግን አብራሪዎች በሚማሩበት መመሪያ ውስጥ ስለ ኤምካስ አልተነገራቸውም።

እንግዲህ ወደ መለኪያችን እንመለስ። የጉማ አፈጻጸም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎች ግን አራት ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። መጀመሪያ ማመን ነው፤ የገዳይ ወገን እጁን ሰጥቶ ሽማግሌ ይልካል፣ የተካደ ደም አይታረቅም። ሁለተኛው መቀመጥ ነው፤ የሟች ወገን ባለ ጉዳይ ሆኖ ይቀመጣል፣ ይለመናል፣ እምቢ ለማለትም መብት አለው። ሦስተኛው መክፈል ነው፤ ካሣው በከብት ይቈጠራል፣ ገዳዩም ብቻውን ስለማይችለው ጎሳው ያዋጣለታል። አራተኛው መንጻት ነው፤ ከብት ታርዶ ደም ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። ጎሳው የሚያዋጣው በደሉ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም በሚል አስተሳሰብ መሆኑን ልብ ይሏል። የሕግ ሰዎች ኩባንያን እንደ አንድ ሰው ቈጥረው በኃላፊነት ይጠይቁታል፤ የአርሲ ሽማግሌም አንድን ጎሳ እንደዚሁ እንደ አንድ ሰው ይጠይቀው ነበር።

አሁን ስምምነቱን በእያንዳንዱ ደረጃ እንመዝነው። ስለ ማመን፤ ኩባንያው ሁለት የቴክኒክ አብራሪዎቹ የአሜሪካን የአቪዬሽን ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ስለ ኤምካስ እንዳታለሉ ተቀብሏል። ይሁን እንጂ ክሱ የአሜሪካን መንግሥት ለማታለል መመሣጠር የሚል ነው። ስለዚህ በክሱ ላይ ተበዳይ ሆኖ የቆመው መንግሥት ነው እንጂ 346ቱ ሟቾች አይደሉም። ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም. በቴክሳስ ፍርድ ቤት የሟች ቤተሰቦች ባሉበት፣ የኩባንያው ተወካይ ጥፋተኛ አይደለንም ብሎ ቃሉን ሰጠ። ከሁለቱ አብራሪዎች የተከሰሰው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በነፃ ተለቀቀ፤ ከኩባንያው ከፍተኛ ሹሞች የተከሰሰ የለም። በጽሑፍ ያመነውን በሸንጎ የሚክድ ሰው በበቆጂ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ፣ ነገሩ ገና ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፍለትም።

ስለ መቀመጥ፤ ስምምነቱ የተዋዋለው የሟች ቤተሰቦች ሳይጠየቁ ነው። የተነገረበትም ዕለት በእኛ አገር የገና በዓል ነበር። ቤተሰቦቹ ተከራክረው፣ ዳኛ ሪድ ኦኮነር በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሟቾቹ በሕግ ፊት የወንጀል ተበዳዮች ናቸው ብለው ወሰኑ። ይህ የሆነው ስምምነቱ ከታወቀ 21 ወር በኋላ ነው።

ስለ መክፈል፤ ጠቅላላ ሒሳቡ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገዶች፣ 500 ሚሊዮኑ ለሟች ወራሾች፣ 243.6 ሚሊዮኑ ለመንግሥት የወንጀል መቀጮ ነው። እንግዲህ ከመቶ 70 እጅ የሚሆነው የተከፈለው ለኩባንያው ደንበኞች ነው፤ የሟች ወገን የደረሰው ከመቶ 20 እጅ ብቻ ነው። በሌላ በኩል የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሚስተር ዴኒስ ሚውለንበርግ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት የሟቾችን ፎቶግራፍ ይዘው ለቆሙት ቤተሰቦች ይቅርታ ጠይቀው ነበር፤ በታኅሣሥ ወር ሥራቸውን ሲለቁ ግን ወደ 62 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ጥቅም ተጠብቆላቸዋል። ጎሳ ጉማ ሲያዋጣ ከየአባወራው በረት ይጎድላል፤ የመሪውም በረት አይቀርለትም።

ስለ መንጻት፤ ስምምነቱ የሦስት ዓመት የፈተና ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ የበር መድፈኛው ተነቅሎ ወደቀ። ሚኒስቴሩም ኩባንያው ስምምነቱን አፍርሷል አለ። ቀጥሎ የመጣውን የጥፋተኝነት ውል ዳኛው በኅዳር 2017 ዓ.ም. አልቀበልም አሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ክስ የማያስከትል ሌላ ስምምነት ተፈረመ፤ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስወጣ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 444.5 ሚሊዮኑ ለሟች ቤተሰቦች ተመደበ። ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ዳኛው ይህ ስምምነት ለሕዝብ ይጠቅማል በሚለው እንደማይስማሙ ጽፈው፣ ለመከልከል ግን ሥልጣን የለኝም በማለት ክሱን ዘጉት።

ይህን ሁሉ ስንል ለትችታችን የሚሰጠውን መልስ አንዘነጋም። አንደኛ፣ በቺካጎ በተካሄደው የፍትሐ ብሔር ክርክር ኩባንያው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ለበረራ 302 አደጋ ኃላፊነቱን ተቀብሏል፤ ቤተሰቦቹም በምላሹ የመቅጫ ካሣ ላለመጠየቅ ተስማምተዋል። ብዙዎቹ በስምምነት ጨርሰዋል፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በኅዳር ለፍርድ በቀረበው ጉዳይ ዳኞች ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈርደዋል። ጧሪውን ላጣ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ጉማ የሚጠነክረው በአንድ ወንዝ ውሃ በሚቀዱ ሰዎች መካከል ነው፤ ገበያውና ለቅሶ ቤቱ ያስገድዳቸዋልና። ቦይንግ ከጊምቢቹ ሰዎች ጋር ውሃ አይቀዳም። ሦስተኛ፣ ጉማ ያለፈውን ደም ያደርቃል እንጂ የማሽን ንድፍ አይመረምርም። ስለዚህ በፍርድ ቤት ፈንታ ጉማ ይቀመጥ አንልም። የምንለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በጉማ ማመን ይቀድማል፣ የሟች ወገን ይከተላል፣ ከብቱ በመጨረሻ ይነዳል። በዚህ ስምምነት ግን ገንዘቡ ቀደመ፣ የሟች ወገን ተከራክሮ ገባ፣ እምነቱም በግማሽ ቀረ።

ነቀፌታውን ግን በሰው አገር ላይ ብቻ ጥለን ብንሄድ ትክክል አይሆንም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተገቢው አኳኋን ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚፈረደው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ነገ በአርሲ በሚቆም ፋብሪካ አደጋ ልጇን የምታጣ የበቆጂ እናት ለሐዘኗ በሕግ የምታገኘው ከዚህ አያልፍም። ሕጉ በወጣበት ዘመን 1,000 ብር በሬዎች ይገዛ ነበር፤ ዛሬ አንድ በግ አይገዛም። ሽማግሌዎቹ ካሣውን በከብት መቍጠራቸው እንደ ኋላ ቀርነት ሲታይ ኖሯል፤ የከብቱ ዋጋ ግን ከዘመኑ ጋር ሲሄድ የሕጉ ብር ባለበት ቆሞ ቀርቷል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው፣ የአርሲ የጉማ ሥርዓት የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ በየወረዳው ተጠንቅቆ እንዲመዘገብ ነው። ሁለተኛው፣ የቁጥር 2116 ወሰን በሕግ አውጪው ዘንድ እንደገና እንዲታይ ነው። የቱሉ ፈራ ሙታን ጉዳይ በቺካጎና በቴክሳስ ታይቷል፤ የሚቀጥለው ጉዳይ በአሰላ ፍርድ ቤት ቢቀርብ፣ ዳኛው በእጁ ያለው ሕግ ይኸው የ1,000 ብር ሕግ ነው።